አዲስ ሳይክል ላይ ካቴናው ሲፈጭና ማርሽ አልገባ ሲል

አዲስ ሳይክል ገዝታችሁ ትንሽ ከነዳችሁት በኋላ ካቴናው ክርር ክርር ማለት ከጀመረ አትደንግጡ፣ የማርሹ ሽቦ አዲስ ስለሆነ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይላላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እሱ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለዩ። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሱና ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ ማርሹን አንድ በአንድ ቀያይሩ። ካቴናው ፊትም ትልቁ ኋላም ትልቁ ጥርስ (ባለ ጥርሱ ክብ ብረት) ላይ ሲሆን ብቻ ከፈጨ ካቴናው ተጣሞ ስለሚሄድ ነው፣ ብልሽት አይደለም፣ እንደዛ አድርጋችሁ አትንዱት በቃ።

ኋላ ላይ ወደ ትልቁ ጥርስ አልወጣም ካለ ሽቦው ላልቷል ማለት ነው። ሽቦው ማርሽ ቀያሪው (ኋላ ጎማ ጋ ያለው፣ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው) ውስጥ የሚገባበት ጋ በእጅ የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ አለች፣ ከኋላ ሆናችሁ እያያችሁ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩና ሞክሩ፣ ካልበቃ ሌላ ሩብ። ወደ ትንሹ አልወርድም ካለ ደግሞ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። ሰው ግን ቶሎ ካቻቪቴ ነው የሚያነሳው! ኤች እና ኤል የተጻፈባቸው ብሎኖች የማርሽ ቀያሪውን የመጨረሻ ገደብ ነው የሚወስኑት፣ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ወደ ጎማው ከወደቀ ኤልን ጠበቅ አድርጉ፣ ከትንሹ አልፎ ወደ ውጭ ከወደቀ ኤችን ጠበቅ አድርጉ፣ ካልወደቀ ባትነኳቸው ይሻላል።

አንዱን ማርሽ ስታስተካክሉ ሌላው እየተበላሸ ካስቸገራችሁ ማርሽ ቀያሪው የተሰቀለበት ብረት ሲጓጓዝ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፣ ከኋላ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ከጥርሶቹ ጋር ቀጥ ካላለ በጉልበት ለማቃናት አትታገሉ፣ ይሰበራል፣ ለሰሪ ስጡት።