ደረጃው የገፋ ካንሰር ያለበትን ሕመምተኛ በቤት ውስጥ እንዴት ማስታመም ይቻላል

ካንሰር ከተነሣበት አካል አልፎ ሲሠራጭ ሕመምተኛው ሐኪሙን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ቀሪውን ቀንና ሌሊት የሚያሳልፈው ከአስታማሚው ጋር ነው። ሌሊቱን ተኝቶ ማደሩም ሆነ ሕመሙ ሳይከብደው ሰው ማነጋገሩ በአብዛኛው የአስታማሚው እጅ አለበት።

በመጀመሪያ ከመገመት ይልቅ መጠየቅን ይልመዱ፤ አስታማሚ ብዙ ጊዜ ሥቃዩን ከሕመምተኛው አብልጦ ይገምታልና። «ምንም ሕመም ከሌለ 0፣ ከዚህ የባሰ የለም ካሉ 10 ቢሆን፣ አሁን ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ይጻፉ። ማታ 4 የነበረው ለንጋት 8 መሆኑ ተጽፎ ሲገኝ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው «ሌሊት ያመዋል» ከሚል ወሬ ተነሥቶ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስታገሻው ነው፤ ብዙ ቤተሰብም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሱስ ያስይዛል በሚል ፍርሃት ለከባድ ሕመም የሚታዘዘውን ማስታገሻ ሞርፊንን መቀነስ ወይም ሕመሙ እስኪጠና ማቆየት ሕመምተኛውን ያለ ጥቅም ያሠቃየዋል፤ ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ሱስ እምብዛም አያጋጥምም። ቶሎ የሚሠራው ዓይነት 4 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚቆይ፣ ሕመሙ ሳይመለስ በታዘዘው ሰዓት ይስጡ። ሞርፊን የሚያመጣው ማቅለሽለሽ በቀናት ውስጥ ሊለመድ ይችላል፤ የሆድ ድርቀቱ ግን ስለማይለመድ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ።

ምግብን በተመለከተ፣ በሽታው ሰውነት ምግብን የሚጠቀምበትን መንገድ ስለሚያዛባው በግድ ማጉረስ የቀነሰውን ክብደት አይመልስም። «ለእኔ ስትል አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለው ልመና ከፍቅር ቢመነጭም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው የሚሰማው ወቀሳ ነው። በፈለገው ሰዓት ጥቂት ያቅርቡለት፤ የደረቀ ከንፈሩንም ያርጥቡለት። ከአልጋ የማይነሣ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጡት።

በኬሞቴራፒ (በፀረ ካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ከአዲስ የጀርባ ሕመም ጋር እግሩ ከዛለ ወይም ሽንት ከከለከለው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ያድርሱት።

በመጨረሻም፣ የአስታማሚ ጭንቀትና ድካም ወደ ሕመምተኛው ስለሚጋባ፣ በሳምንት ጥቂት ሌሊት ሌላ ሰው ይተካዎት፤ ተረኛውም የመድኃኒቱን ሰዓትና ያንን ደብተር ከእጅዎ ይረከብ።