አባባ ከዘራውን ለምን ጥግ አቆሙት? ችግርና መፍትሔ

ልጆች ከውጭ የላኩት ከዘራ ከበር ጀርባ ቆሞ አቧራ ሲለብስ «እልኸኛ ሆኑብን» እንላለን። እኔም እናቴን ለወራት ስጨቀጭቃት ከርሜ ነበር። ኋላ ስለካው ከዘራው ረዝሞባት ኖሯል። አዛውንት መርጃቸውን፣ ከዘራም ሆነ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ፣ ሲተዉ መጀመሪያ መመርመር ያለበት መርጃው ነው።

ትከሻቸውን ያማቸዋል፣ ወይም ወደ ፊት ይጎብጣሉ

ትከሻቸው ሽቅብ ከተገፋ ከዘራው ረዝሟል፤ ከጎበጡ አጥሯል። የዘወትር ጫማቸውን አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ እጃቸውንም ወደ ታች ይልቀቁት። መያዣው ከእጅ አንጓቸው መታጠፊያ እኩል መድረስ አለበት። ሲጨብጡት ክርናቸው በጥቂቱ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። የብረቱ ከዘራ ቁልፉን ተጭኖ በቀዳዳዎቹ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። የእንጨቱ ከታች በመጋዝ ይቆረጣል፤ ስትለኩ የጫፉን ጎማ አትርሱ። የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ቆሞ ለመደገፍ የተሠራ ስለሆነ ለመራመጃ ይረዝማል።

ከዘራ ይዘውም ያነክሳሉ

አብዛኛውን ጊዜ የያዙት በሚያማቸው እግር በኩል ነው። ቀኝ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ በግራ እጃቸው ይያዙት፤ ከዘራውና የታመመው እግር አብረው ይራመዱ። ያኔ ክብደቱ ለሁለቱ ይከፈላል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው።

ያንሸራትታል

ገልብጣችሁ ጎማውን እዩ። ስርጉዱ ጠፍቶ ከለሰለሰ ዛሬውኑ ይቀየር።

የመስሚያ መሣሪያው ያፏጫል

ከመሣሪያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ነው የሚያፏጨው። በደንብ አልገባ ይሆናል፤ አውጥታችሁ መልሱት። ቀይ ምልክት ያለው የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ ጆሮ ነው። ጋቢ ወይም ነጠላ ጆሮ ላይ ሲደረብም ያፏጫል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተወ ኩክ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። እባካችሁ፣ ክብሪት እንጨት ጆሯቸው ውስጥ አትክተቱ።

ጭራሽ ድምፅ የለውም

ባትሪው አልቋል ወይም ቀዳዳው በኩክ ተደፍኗል። ብዙዎቹ ትንንሽ ክብ ባትሪዎች በአየር የሚሠሩ ናቸው፤ ተለጣፊውን ልጣችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ከቆያችሁ በኋላ አስገቡ። ማታ የባትሪውን ክዳን ከፍታችሁ አሳድሩት። መሣሪያውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ ውኃ አታስነኩት።

«ጫጫታ ብቻ ነው የምሰማው» ይላሉ

እውነታቸውን ነው። ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አእምሮ የሰሃኑን ኳኳታና የሰውን ንግግር ለመለየት ሳምንታት ይፈጅበታል። መጀመሪያ እቤት፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ ከአንድ ሰው ጋር ቡና እየጠጡ ያድርጉት፤ በየቀኑ ሰዓቱን ጨምሩ። ሰርግ ወይም ለቅሶ ቤት ኋላ ይደርሳል። ከሳምንታት በኋላም ካስቸገራቸው የገጠመላቸው ባለሙያ ዘንድ ተመልሰው ድምፁ ይስተካከልላቸው።