ነፃ መገልገያ ፕሮግራም ችግር ሲያመጣ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የዘመድ ወዳጅ ኮምፒውተር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣል። ባለቤቱ «ቫይረስ ገብቶበታል» ይለኛል፤ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው በቅርቡ ምን እንደጫነበት ነው። መልሱ በአብዛኛው አንድ ነፃ መገልገያ ይሆናል፦ ፋይል መጭመቂያ፣ ፒዲኤፍ ማዋሃጃ ወይም ዲስክ ማጽጃ። ነፃ ፕሮግራሞችን እወዳቸዋለሁ፤ የዕለት ሥራዬንም የምሠራው በእነሱ ነው። አንዴ የተጎዳ ሰው ከሁሉም ሲሸሽ የማዝነው ለዚህ ነው። ጥፋቱን ስፈልግ ብዙ ጊዜ የማገኘው ፕሮግራሙ በወረደበት ቦታና በተጫነበት መንገድ ላይ ነው። የሚከተሉት በዊንዶውስ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ምልክቶች ናቸው።

አንድ ፕሮግራም ጭነው ሦስት ሲያገኙ

የኢንተርኔት አሳሹ መነሻ ገጽ ተቀይሯል፤ ፍለጋው ወደማያውቁት ድረ ገጽ ይወስድዎታል፤ በስክሪኑ ጥግ ማስታወቂያ ብቅ ይላል።

መንስኤው ከመጫኛው ጋር ታዝሎ የገባ ሌላ ፕሮግራም ነው። አንዳንድ የማውረጃ ገጾች እውነተኛውን መጫኛ በራሳቸው መጫኛ ይሸፍኑታል፤ ከትክክለኛው ቁልፍ አጠገብም «አውርድ» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ያስቀምጣሉ። ይህ የሚያጋጥመው በማይታወቁ ገጾች ብቻ አይደለም። የክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ዋና መገኛ የነበረው ሶርስፎርጅ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጨማሪ ፕሮግራሞችን ያዘለ መጫኛ ማቅረብ ጀምሮ ነበር። በ2015 የታወቀውን የሥዕል ማስተካከያ የጂምፕን የዊንዶውስ መጫኛ በዚሁ መንገድ በማቅረቡ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ አሠራሩን ያስቀሩት በ2016 የተረከቡት አዲሶቹ ባለቤቶች ናቸው።

ለመፍታት፣ በሴቲንግ ውስጥ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ይክፈቱና በተጫኑበት ቀን ይደርድሩት። ችግሩ በጀመረበት ቀን የገቡትንና እርስዎ ያልመረጧቸውን ያራግፉ። ቀጥሎ በአሳሹ ውስጥ ያሉትን የማያውቋቸውን ኤክስቴንሽኖች (በአሳሹ ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞችን) ያስወግዱ፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ ማስታወቂያውም ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ሙሉ ፍተሻ ያካሂዱ። ለወደፊቱ ፕሮግራሙን ከሠሪው ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ ሲጭኑም ፈጣኑን መንገድ ትተው ዝርዝር ምርጫ የሚሰጠውን ይያዙ፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸውን ሣጥኖች እያነበቡ ምልክቱን ያንሱ።

ከ«ጽዳት» በኋላ ኮምፒውተሩ ሲብስበት

ማጽጃው ከመቶዎች በላይ «ስህተት» አገኘሁ ብሎ ያስደነግጥዎታል፤ ለማስተካከል ወይ ክፍያ ይጠይቃል፣ ወይ ብዙ ነገር ይሰርዛል። ከዚያ አንድ ፕሮግራም አልከፈት ይላል፣ የይለፍ ቃሎች ይጠፋሉ፣ ድረ ገጾችም ከበፊቱ ዘግይተው ይከፈታሉ።

እዚህ ላይ አቋሜ ቁርጥ ያለ ነው፦ ሬጂስትሪ ማጽጃ የሚባለውን ለማንም አልመክርም። ሬጂስትሪ ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ቅንብራቸውን የሚያስቀምጡበት መዝገብ ነው። የተራገፈ ፕሮግራም ትቷቸው የሄዱ ጥቂት መስመሮች ፍጥነት አይቀንሱም፤ የሚያስፈልግ መስመር በስህተት ከተሰረዘ ግን ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። ማይክሮሶፍትም እነዚህን ማጽጃዎች መጠቀምን እንደማይደግፍ በግልጽ አስታውቋል። የድረ ገጾቹ መዘግየት ደግሞ የመጣው አሳሹ ለፍጥነት ያስቀመጣቸው ጊዜያዊ ፋይሎች ስለተሰረዙ ነው፤ ይህ እንኳ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይስተካከላል።

ማጽጃው ከመሰረዙ በፊት ቅጂ አስቀምጦ ከሆነ በዚያው ይመልሱት። ካልሆነ ሲስተም ሪስቶር በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሱ፤ ይህ የሚሠራው የመመለሻ ነጥብ፣ ማለትም አስቀድሞ የተቀመጠ የዊንዶውስ ቅንብር ቅጂ፣ ከነበረ ብቻ ነው። ከዚያ ማጽጃውን ያራግፉ። ቦታ ማስለቀቅ ለሚፈልግ ሰው ዊንዶውስ ከ2017 ጀምሮ ስቶሬጅ ሴንስ የሚባል የራሱ መሣሪያ አለው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚዘገይ ከሆነም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች ያስቁሙ። እስካሁን ካየኋቸው የዘገዩ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹን ያፈጠናቸው ይህ ብቻ ነው።

ፀረ ቫይረሱ መጫኛውን ሲከለክል

ይህ ምልክት ሁለት ተቃራኒ መንስኤዎች አሉት፤ ለይቶ ማወቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያው የውሸት ማንቂያ ነው። አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ የሠራው፣ ዲጂታል ፊርማ (ሠሪው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ምልክት) የሌለውና ጥቂት ሰዎች ብቻ ያወረዱት ፕሮግራም በዊንዶውስ ዘንድ «ያልታወቀ» ተብሎ ይከለከላል። ያልታወቀ ማለት አደገኛ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛው ግን ፋይሉ በእርግጥም ተመርዞ መሆኑ ነው።

ፋይሉን ቫይረስቶታል ወደሚባለው አገልግሎት ይስቀሉት፤ በብዙ ደርዘን ፀረ ቫይረሶች በአንድ ጊዜ ይፈትሸዋል። ከእነዚህ አንድ ሁለቱ ብቻ የተወሰነ ቫይረስ ሳይጠቅሱ አጠቃላይ ስም ሰጥተው ቢጠቁሙ የውሸት ማንቂያ ሊሆን ይችላል፤ ታዋቂዎቹ በአንድነት ከጠቆሙ ይሰርዙት። የተሰቀለውን ፋይል ሌሎች የደህንነት ተቋማትም ሊያዩት ስለሚችሉ የግል ሰነድ እዚያ አይስቀሉ። ሠሪው በገጹ ላይ ኤስኤችኤ-256 የተባለውን፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን የ64 ፊደልና ቁጥር አሻራ ካወጣ ደግሞ ያነጻጽሩት፤ ሰቨን-ዚፕ የተባለው ነፃ ፋይል መጭመቂያ ያለው ሰው ፋይሉን በቀኝ ጠቅታ በመጫን አሻራውን ማውጣት ይችላል። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ሠሪው ያወጣው አይደለም።

ይህም ሁሉ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው ማጽጃ 5.33ኛ እትም፣ ከሠሪው ከራሱ ገጽና ትክክለኛ ፊርማ ይዞ፣ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል በውስጡ ጎጂ ኮድ እንዳለ ተሰራጭቷል፤ ያወረዱት 2.27 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ስለዚህ ዊንዶውስ ራሱ ለሚሠራው ሥራ ሌላ ፕሮግራም አልጨምርም፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፕሮግራም ሌላ የመግቢያ በር ነው።

የተሰረዘ ፋይል ሲፈለግና ሲታጣ

የእህቴ ልጅ የፎቶግራፍ ማህደሩን በስህተት ሰረዘ። ደንግጦ ነፃ የፋይል መመለሻ ፈለገ፣ ፎቶግራፎቹ በነበሩበት ዲስክ ላይ አወረደው፣ እዚያው ጫነው። ወደ እኔ ሲመጣ ከፎቶግራፎቹ ብዙዎቹ ግማሽ ግራጫ ሆነው ነበር የተመለሱት። ፊቱን አሁንም አልረሳውም።

ፋይል ሲሰረዝ ይዘቱ ወዲያው አይጠፋም፤ ቦታው «ክፍት ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ። አዲስ የሚጻፍ ነገር በዚያ ቦታ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዲስኩን መጠቀም ያቁሙ። መመለሻውን በሌላ ኮምፒውተር ያውርዱና መጫን ሳያስፈልገው ከፍላሽ የሚሠራውን ዓይነት ይምረጡ፤ የተገኘውንም ወደ ሌላ ዲስክ ያስቀምጡ። ይህ ተስፋ ያለው በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ ግን ዊንዶውስ የተሰረዘው ቦታ እንዲጸዳ ትሪም የሚባል ትዕዛዝ ስለሚልክ የተሰረዘው ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይጠፋል፤ በዚያ ላይ ከመጠባበቂያ ቅጂ ሌላ የሚታመን መድኃኒት የለም።

«ነፃ» ብሎ በመጨረሻ ሲያስከፍል

ፒዲኤፉን አዋህደው ሲያበቁ በየገጹ የኩባንያው ምልክት ታትሞበት ይወጣል። ፕሮግራሙ የሙከራ እትም ነበር ማለት ነው። ሰነድን ወደ ፒዲኤፍ ለመቀየር ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ያለ ምልክትና ያለ ክፍያ ይበቃል፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ደግሞ ከማተሚያዎች ዝርዝር ውስጥ ፒዲኤፍን መምረጥ ይቻላል። ለመሥሪያ ቤት የሚጭኑ ከሆነ የፈቃድ ውሉን ያንብቡ፤ «ለግል አገልግሎት ብቻ ነፃ» የሚለው ሐረግ በብዙዎቹ ላይ አለ።

በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ጥያቄ ምልክት ሲሆኑ

የተጨመቀው ማህደር ሲፈታ ስሞቹ ተበላሽተው ከወጡ፣ መጭመቂያው ብዙውን ጊዜ ዩኒኮድን (የዓለም ፊደላትን ሁሉ በኮምፒውተር የሚወክለውን ደንብ) በአግባቡ የማይደግፍ አሮጌ ፕሮግራም ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ስለሆነ ዛሬ ለዚህ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም። ዋናዎቹን ፋይሎች በአዲስ ሰቨን-ዚፕ እንደገና ይጭመቋቸው።

ለዓመታት ያለ ችግር የሠራው ፕሮግራም

ምልክት የሌለው ችግር ይህ ነው። ዊንራር የተባለው ፋይል መጭመቂያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ይፋ የሆነ ትልቅ የደህንነት ቀዳዳ ተገኝቶበት ነበር፤ ቀዳዳው ኤስ የተባሉ አሮጌ ማህደሮችን በሚፈታው ክፍል ውስጥ 19 ዓመት ያህል ሳይታይ ኖሯል። ሠሪዎቹ በ5.70 እትም ክፍሉን ጨርሰው አወጡት። ግን ፕሮግራሙ ራሱን አያድስም ነበርና አሮጌውን እትም የያዙ ሰዎች ለአደጋው ተጋልጠው ቆዩ። ሰቨን-ዚፕም እንዲሁ ራሱን አያድስም። የእያንዳንዱን መገልገያ እትም ቁጥር ከእገዛ ምናሌው ይመልከቱና ከሠሪው ገጽ ጋር ያነጻጽሩ፤ ለዓመታት አዲስ እትም ያልወጣለትን፣ በተለይ ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል የሚከፍተውን፣ ዛሬውኑ ያራግፉት።