የተራ ምሽት በሐዋሳ፦ ገቢው ለአንድ ባለሙያ የሚውል ቴያትር እንዴት ይዘጋጃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሐዋሳ፣ ሕመም ቤት ያዋላቸውን አንድ ነባር ተዋናይ ለማሳከም የቴያትር ምሽት አዘጋጅተን ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ወንበር ያጣው ሰው ግድግዳ ተደግፎ አመሸ። በማግስቱ ሒሳብ ለመሥራት ስንቀመጥ ግን የአዳራሹ ኪራይ፣ የድምፅ መሣሪያው፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ከሌላ ከተማ የጋበዝናቸው ሙዚቀኞች አበልና ማደሪያ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ተነሣና ለእኚያ ሰው የተረፈው ከተሰበሰበው ገንዘብ ሩቡን እንኳ አልሞላም። ፖስታውን ይዘን ቤታቸው ስንሄድ፣ «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ደከማችሁልኝ» ብለው ሳይከፍቱት ትራሳቸው ሥር አኖሩት። ጋሼ ከፍተው ሲያዩት ምን እንደተሰማቸው ለመጠየቅ እስከ ዛሬ ድፍረቱን አላገኘሁም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ተመሳሳይ ምሽት ለማዘጋጀት ለሚያስቡ የከተማችን የቴያትር ክበባት ነው። አሠራሩን የወሰድኩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት የለንደን ቴያትር ቤቶች ሲሆን፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የለንደን ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዘመን በለንደን ሕጋዊ ፈቃድ የነበራቸው ሁለት ትልልቅ ቤቶች ድሩሪ ሌንና ኮቨንት ጋርደን ነበሩ፤ የ1737ቱ የቴያትር ፈቃድ ሕግ ከወጣ በኋላም ሌሎች ቤቶች በይፋ ተውኔት የማሳየት መብታቸውን አጥተዋል። ሁለቱ ቤቶች መስከረም አካባቢ ተከፍተው እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ ይሠሩ ነበር። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ግን የመድረኩ ገቢ በየምሽቱ ለአንድ ባለሙያ ይተላለፋል። እነርሱ ይህን «ቤኔፊት» ይሉታል፤ እኔ ለእቁብተኛ ጆሮ ስለሚቀርብ «የተራ ምሽት» እለዋለሁ፤ ገንዘቡ የሚሰበሰብለትን ሰውም «ባለተራ» ብዬ እጠራዋለሁ።

ስያሜውን በዚህ መልክ የመረጥኩት አስቤበት ነው። ለለንደኑ ተዋናይ ይህ ምሽት የውሉ አካል፣ ከሳምንታዊ ደመወዙ ጋር አብሮ የሚታሰብ መብቱ ነበር። ዘመኑ ኤሊዛቤት ባሪ የተባለችውን ተዋናይት ይህን መብት ለራሷ ለማግኘት የመጀመሪያዋ አድርጎ ይጠቅሳታል። ከእርሷ በኋላ ልማዱ ተስፋፍቶ ከታላላቆቹ ተዋንያን አልፎ ለዳንሰኛው፣ ለገንዘብ ያዡ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቃል ለሚያስታውሰው ሰውና ለበር ጠባቂው ሳይቀር ደረሰ። በእኛ አገር ግን ተዋናይ ሲታመም ብቻ የምናስታውሰው ስለሆነ፣ ምሽቱ የልመና መልክ ይይዝና ባለተራው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ በክበባችሁ መተዳደሪያ ውስጥ የተራ ምሽትን እንደ መደበኛ ክፍያ አስገቡት፤ ጤነኛውም ተዋናይ ተራው ይድረሰው።

የቤቱ ወጪ አስቀድሞ ይቆረጥ

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ እኛ የወደቅነውም እዚህ ላይ ነው። ለንደኖች ከባለተራው ጋር የሚዋዋሉት በሦስት ዓይነት መንገድ ነበር። በመጀመሪያው፣ ቤቱ ምንም ሳይቀንስ ሙሉውን ገቢ ለባለተራው ይሰጣል፤ ይህ ለታላላቆቹ ብቻ የሚፈቀድ ነበር። በሁለተኛው፣ የምሽቱ የቤት ወጪ ተብሎ አስቀድሞ የታወቀ ገንዘብ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው በሙሉ የባለተራው ይሆናል። በሦስተኛው፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ አነስተኛ ተዋንያን አንድ ምሽት ይካፈላሉ። ተዋናዩ ዴቪድ ጋሪክ ድሩሪ ሌንን በሚያስተዳድርበት ዘመን፣ በ1750ዎቹና በ1760ዎቹ፣ የቤቱ ወጪ 60 ፓውንድ ገደማ ነበር። ይህ ገንዘብ የሻማውን፣ የሙዚቀኞቹን፣ የአገልጋዮቹንና የማስታወቂያውን ዋጋ ሁሉ ያጠቃለለ በመሆኑ ባለተራው በማግስቱ ያልጠበቀው ዕዳ አይመጣበትም። ሆኖም አደጋም ነበረበት፤ ገቢው ከወጪው ካነሰ ጉድለቱን ከኪሱ የሚሞላው ባለተራው ራሱ ነው።

ስሌቱን በእነርሱ ዋጋ እንሥራው። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ የሎጅ (ለብቻው የተከለለ ክፍል) መቀመጫ 5 ሽልንግ፣ የወለሉ አግዳሚ 3 ሽልንግ፣ የመጀመሪያው ሰገነት 2 ሽልንግ፣ የላይኛው ሰገነት 1 ሽልንግ ነበር። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ስለሆነ 60 ፓውንድ ማለት 1,200 ሽልንግ ነው። ወጪው እንዲሸፈን ከሎጅ 240 ሰው፣ ወይም ከወለሉ 400 ሰው፣ ወይም ከላይኛው ሰገነት 1,200 ሰው መግባት አለበት። ተዋናዩ ሀብታሞቹን ለምን አብዝቶ ይለማመጥ እንደነበረ ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

እናንተም ከምሽቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ኪራዩን፣ ድምፁን፣ መብራቱን፣ ነዳጁን፣ ጥበቃውን፣ ኅትመቱንና ትራንስፖርቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ደምሩ፤ ድምሩ ላይ ክበቡም ባለተራውም ይፈርሙ። ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ተጨማሪ ወጪ የክበቡ ይሁን። በአንድ ነገር ግን ከለንደኖቹ እንለያለን፤ ጉድለት ቢመጣ ባለተራው እንዲከፍል ማድረግ በእኛ አቅም ግፍ ነው። የድምሩን ግማሽ የሚያህል ትኬት ከአሥር ቀን በፊት ካልተሸጠ ምሽቱን ወደ ሌላ ቀን ማስተላለፍ ይሻላል።

ቀኑን መምረጥ

በለንደን ቀን የሚታደለው በማዕረግ ነበር። ታላላቆቹ ተዋንያን መጋቢት ውስጥ ቀድመው ይወስዳሉ፤ ትንንሾቹ የሚደርሳቸው ግንቦት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ባለጠጋው ወደ ገጠር ርስቱ መሄድ ይጀምራል። በጾም ወራት ረቡዕና ዓርብ ተውኔት አይታይም፤ በእነዚያ ቀናት የሙዚቃ ደራሲው ሃንድል በኮቨንት ጋርደን እንዳቀረባቸው ያሉ መንፈሳዊ የዜማ ድርሰቶች ይሰሙ ነበር። በሕማማት ሳምንት ደግሞ ቤቶቹ ይዘጋሉ። ሐዋሳ ላይም የዐቢይ ጾምን ሰሞን መተው ብልህነት ነው። ተመልካቻችሁ በብዛት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ እረፍት ላይ የሚሆንበትን ጊዜ ሽሹ፤ ሠራተኛ ከሆነ ደመወዝ በወጣበት ሳምንት ያዙት። በታኅሣሥና በሐምሌ ገብርኤል በዓል ከተማዋ በእንግዳ ስለምትጨናነቅ አልጋም አዳራሽም ይወደዳል።

የመጀመሪያ ሰዓቱን ደግሞ በጊዜ አድርጉት። ለንደኖች በጋሪክ ዘመን የሚጀምሩት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነበር። ያ ሰዓት ለእኛም ይስማማናል፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ ይደርሳል፣ ሲያበቃም በተለመደው ዋጋ ባጃጅ ተሳፍሮ ቤቱ ይገባል። ሴቶች እህቶቻችን የማይመጡበት ቴያትር ግማሽ አዳራሹን አጥቷል።

ትኬቱን ማን ይሸጠዋል?

ባለተራው ራሱ፣ ሰው በሰው። የለንደን ተዋናይ ማስታወቂያው ላይ የመኖሪያ ቤቱን አድራሻ አሳትሞ «ትኬት ከእገሌ ዘንድ ይገኛል» ያሰኛል፤ ከዚያ በየደጋፊዎቹ ቤት እየዞረ ይሸጣል። አሠራሩ አንዳንዶችን ያዋርዳቸው ነበር፤ ገቢ እንደሚያመጣ ግን ጥርጥር የለውም። በሕመም ምክንያት መዞር የማይችል ባለተራ ካለ፣ አሥር የሚሆኑ የሥራ ባልደረቦቹ ቁጥር ያለው የትኬት ጥራዝ በስማቸው ፈርመው ይውሰዱ። አንዱ ፒያሳን፣ ሌላው የፍቅር ሐይቅ አካባቢ ካፌዎችን፣ ሌላው የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ይያዝ። ያልተሸጠው ጥራዝ ከምሽቱ በፊት በነበረው ቀን ይመለስ።

እዚህ ላይ ከለንደን አንድ ደስ የሚል ልማድ አለ። የራሳቸው ምሽት የማይደርሳቸው የታች ሠራተኞች፣ ለአንድ በተቆረጠ ምሽት ትኬት ወስደው ይሸጡና ከሸጡት ዋጋ ግማሹን ለቤቱ አስገብተው ግማሹን ይይዛሉ። ለእኛ መብራት ሠሪና ልብስ አስተካካይ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ መድረክ ላይ ስለማይታዩ የሚያስታውሳቸው የለምና።

የምሽቱ ዝግጅት

የለንደን ምሽት ሙሉ ማዕድ ነበር። ዋናው ተውኔት አምስት ገቢር ይኖረዋል፤ በየገቢሩ መካከል ዘፈንና ውዝዋዜ ይገባል፤ መጨረሻ ላይ አጭር አስቂኝ ተውኔት ይከተላል። ባለተራው ተውኔቱን ራሱ የመምረጥ ዕድል ስለነበረው ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ተጫውቶት የማያውቀውን ገጸ ባሕርይ ይሞክራል፤ ተመልካቹም ያንን አዲስ ነገር ሊያይ ይመጣል። እናንተም ተውኔቱን ባለተራው ይምረጥ። መታመሙ ከመድረክ ካገደው፣ በወጣትነቱ የተጫወተውን አንድ ትዕይንት ተማሪው ይጫወትለት። በሐዋሳ አማርኛና ሲዳምኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ በገቢሮች መካከል የሲዳምኛ ዜማ ወይም አጭር ጭውውት ብታስገቡ አዳራሹ በሙሉ ባለቤትነት ይሰማዋል። ከሩቅ የሚመጣ ውድ ሙዚቀኛ ግን አትጋብዙ፤ የእኛን ገቢ ከበሉት አንዱ እርሱ ነው።

ጽሑፉ አዲስ ከሆነ ደራሲውን አትርሱ። በለንደን አዲስ ተውኔት ሦስተኛ ሌሊቱ ላይ ከደረሰ የዚያ ምሽት ትርፍ የደራሲው ነው፤ ከቀጠለም ስድስተኛውና ዘጠነኛው ይደገሙለታል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1749 በድሩሪ ሌን የታየለት ተውኔት ዘጠኝ ምሽት በመቆየቱ ሦስቱንም አግኝቶ ወደ 200 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ እጁ ገብቷል። ጆን ጌይ በ1728 ያቀረበው ሙዚቃዊ ተውኔት ደግሞ በመጀመሪያው ወቅት 62 ጊዜ ታይቷል። ለደራሲ በቅድሚያ መክፈል የማይችል ክበብ ሦስተኛውን ምሽት ቢሰጠው ሁለቱም ወገን በሥራው ዕድሜ ላይ አንድ ጥቅም ይኖራቸዋል።

በሩና አዳራሹ

ዋጋውን አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ካሳወቃችሁም አትለውጡ። በለንደን ከዋናው ተውኔት ሦስተኛ ገቢር በኋላ የሚመጣ ሰው በግማሽ ዋጋ የመግባት የቆየ ልማድ ነበረው። በጥር 1763 የድሩሪ ሌን አስተዳደር ይህን ልማድ ሲያነሣ፣ የተቆጣው ሕዝብ በደራሲው ቤንጃሚን ቪክቶር የተራ ምሽት ላይ ሁከት አስነሥቶ ቤቱን አበላሸ፤ ጋሪክም ልማዱን ለመመለስ ተገደደ። በሚቀጥለው ወር ኮቨንት ጋርደን ላይ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። የቪክቶር ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ዋጋውን የወሰነው ሌላ፣ ምሽቱ የተበላሸበት እርሱ። የተማሪ ቅናሽ የምትሰጡ ከሆነ ትኬቱ ላይ ይታተም፤ በር ላይ የሚደራደር ሰው አይኑር።

ከወንበሩ ቁጥር በላይ ትኬት አትሸጡ። በለንደን የተራ ምሽቶች ትርፍ ፍለጋ መድረኩ ላይ ራሱ መቀመጫ ይደረደር ነበር። ተዋናዩ ቴት ዊልኪንሰን በትዝታው እንደጻፈው፣ ተዋናይቷ ሚስስ ሲበር በ«ሮሚዮና ጁልየት» ተውኔት ጁልየትን ሆና መቃብር ውስጥ ስትጋደም ከኋላዋ 200 ያህል ሰው ይታይ ነበር። ጋሪክ በ1762 ይህን ሲያስቀር፣ ተዋንያኑ የሚያጡትን ገቢ ለመተካት አስቀድሞ አዳራሹን አስፋፍቶላቸዋል። እኛ አዳራሽ ማስፋት ባንችልም፣ ፍላጎቱ ካየለ ዝግጅቱን በማግስቱ መድገም እንችላለን።

በር ላይ ሁለት ሰው ይቁም፤ አንዱ ትኬት ይቁረጥ፣ ሌላው ጉራጁን በቁጥር ተራ ይሰብስብ። እንግዳ፣ ጋዜጠኛና የክበቡ አባል በነፃ የሚገባበትን ቁጥር አስቀድማችሁ ወስኑ፤ «እኔን አታውቀኝም?» የሚለው ሰው በየምሽቱ ስለሚመጣ የበሩ ሰው ስም ዝርዝሩን በእጁ ይያዝ።

ሒሳቡ በዚያው ሌሊት

ገንዘቡ ሳይቆጠር ማንም አይሂድ። ጉራጁ ከጥራዙ፣ ጥራዙ ከገንዘቡ ጋር ይመሳከር፤ የተፈረመው የቤት ወጪ ይቀነስ። ባለተራው ወይም ወኪሉ ጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጥ። ከዚያ በፊት ሁሉም ከተስማማ ከየምሽቱ ጥቂት እጅ ለክበቡ የጋራ መጠባበቂያ ማስቀረት ይቻላል። ኮቨንት ጋርደን በ1765፣ ድሩሪ ሌን በ1766 ለደከሙ ተዋንያን የሚሆን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ አቋቁመዋል። ጋሪክ ሰኔ 10 ቀን 1776 ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ላይ ሲወጣ የምሽቱን ገቢ የሰጠው ለዚሁ መጠባበቂያ ነው። እድር ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ሒሳቡ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ የገባው፣ የወጣው፣ የተረፈው፣ ከሦስት ፊርማ ጋር። አንዱ በክበቡ መዝገብ ይቀመጥ። ሁለተኛው ከገንዘቡ ጋር ፖስታው ውስጥ ይግባ፤ ፖስታውም ሳይታሸግ ለባለተራው ይሰጥ።