መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ስታጋድል መጀመሪያ ሜትር አውጡ

ከአርባ ምንጭ ሙዝ የምጭንባት ላንድክሩዘር 75 ፒክአፕ አለችኝ። በፈረንጆቹ 1993 የተሠራች፣ 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ያላት። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ናት፤ ቅጠል የሚባሉ ተደራራቢ ብረቶች ናቸው የሚሸከሟት። ባለፈው ክረምት ወደ ግራ ማጋደል ጀመረች። መጀመሪያ ያየው ረዳቴ ነው። ማደያ ቆመን ከኋላ እያየ፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ ትከሻዋን ጥላለች» አለኝ። መሬቱ ነው አልኩት። መሬቱ አልነበረም።

ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየት አደረገና «የኋላ ግራ ባሌስትራ ሞቷል» አለ። አንድ ቅጠል ጨመረበት፣ ከፈልኩ። ማጋደሉ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ይባስ ብሎ የኋላ ግራ ጎማ ድንጋይ በነካ ቁጥር ወገቤን ትለኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ ነገሩን ራሴ ያዝኩት። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። እናንተ በአንዱ ትጨርሱት ይሆናል።

መጀመሪያ ጭነቱን አውርዱ። ከወንበር ኋላ የተረሳውን ክሪክና ሰንሰለት ሳይቀር። የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስተካክሉ፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ጎማ መሆኑንም እዩ። አዲስና ያለቀ ጎማ ተቀላቅሎ ብቻውን መኪና ሊያጋድል ይችላል። ሾክ አብዞርበር ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። ሾክ መንጠሩን ያበርዳል እንጂ መኪናውን አይሸከምም።

ቀጥሎ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። ዓይናችሁን አትመኑት። እኔ ጎረቤት ቤት ከሚሠራ ግንበኛ ውሃ የተሞላ ላስቲክ ቱቦውን ተዋስኩ። አንዱን ጫፍ በግራ ጎማ፣ ሌላውን በቀኝ ጎማ አስጠግቼ ውሃው የቆመበትን ከመሬት ለካሁ። ደልዳላ ያልኩት ግቢዬ 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ወጣ! ማደያው ኮንክሪት ላይ ሄድኩ። እሱም ቢሆን አንዴ ከለካችሁ በኋላ መኪናዋን አዙራችሁ እዚያው ቦታ ድገሙት። የመሬቱ ጥፋት ከሆነ ቁጥሩ ይገለበጣል፣ የመኪናዋ ከሆነ ከነጎኑ ይቀራል።

የምትለኩት ከመሬት ሳይሆን ከጎማው እምብርት ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። እንዲህ ሲሆን የጎማ ልዩነት ከሒሳቡ ይወጣል። የኔዋ ከፊት ግራዋ ከቀኟ በ3.2 ሳንቲ ሜትር ታንሳለች። ከኋላ ደግሞ በ2። ከዚያ ከአክስል (የግራና የቀኝ ጎማን ከሚያገናኘው ብረት) እስከ ሻሲ (መኪናው እስከተሠራበት የብረት አጽም) ያለውንም ለኩ። ሻሲው እኩል ሆኖ ጋቢናው ብቻ ካዘነበለ ባሌስትራውን ተዉት፣ የጋቢና ማረፊያ ጎማዎች ናቸው የተበሉት። የኔ ሻሲውም አዘንብሏል።

ጋራዡ የተሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሻሲ እንደ አንድ ወጥ ብረት ነው። የፊት ግራ ሲወርድ የኋላ ግራንም ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ከኋላ ቆሞ አይቶ «የኋላው ነው» ማለት አይቻልም። ሁለቱን ለያይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አለያየቱ ቀላል ነው። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ። የእጅ ፍሬን እንዳያታልላችሁ፣ የሚይዘው የኋላውን ስለሆነ ኋላው ከተነሳ ዋጋ የለውም። ክሪኩን የሻሲው የኋላ አግዳሚ መሃል ላይ አድርጉና የኋላ ባሌስትራዎች ጭነት እስኪያጡ አንሱ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እንዳትገቡ፣ አደራ። አሁን ግራና ቀኙን የሚወስነው የፊቱ ብቻ ነው። ማጋደሉ ከጠፋ ጥፋተኛው ኋላ ነው። ከቆየ ፊት ነው። የኔዋ ልዩነት ከ3.2 ወደ 4.5 ሳንቲ ሜትር አደገ። ያ የተጨመረው ቅጠል ከኋላ ሆኖ የፊቱን በሽታ ደግፎ ይዞት ኖሯል።

ፊት መሆኑን ካወቅሁ በኋላም ባሌስትራ ልገዛ አልሮጥኩም። በባሌስትራው ጫፎች ያሉትን ቡሎኖች በሁለቱም በኩል ፈታ አደረግኩ፤ አላወጣኋቸውም። መኪናዋን በጎማዎቿ ላይ አቁሜ ከረዳቴ ጋር ነቀነቅናት። 1 ሳንቲ ሜትር ተመለሰ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ እነዚህ ቡሎኖች መኪናው በክሪክ ላይ እንዳለ ከጠበቁ፣ ውስጣቸው ያለው ቡሽ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል። መኪናው ሲወርድ ጎማው ወደ አንድ በኩል ይስባል። የመጨረሻው ማጥበቅ ሁልጊዜ ክብደቱ መሬት ላይ ሲሆን ነው።

የቀረውን ፍለጋ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ነበር። ግራውን ባሌስትራ አጠብኩት። ከላይ ሦስተኛው ቅጠል ላይ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ-ቦልት ከሚይዘው አጠገብ፣ ፀጉር የመሰለች ቀይ መስመር አየሁ። ዝገት ነው። ጥፍሬን ሳስገባ ያዘኝ። ቅጠሉ ተሰብሮ በጓደኞቹ መካከል ተጣብቆ ነው እንጂ ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ነው። እግረ መንገዳችሁን ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዘውን የመሃል ቡሎንም እዩ። እሱ ከተቆረጠ አክስሉ ይንሸራተታል፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ብትለኩ ይታወቃል።

ስብራት ካላገኛችሁ የግራውንና የቀኙን ባሌስትራ አቀያይሩ። አድካሚ ነው፣ ግን አይዋሽም። ማጋደሉ አብሮ ወደ ሌላው ጎን ከሄደ ባሌስትራው ነው። ካልተንቀሳቀሰ ሻሲውን ወይም ክብደት ያለበትን ቦታ ጠርጥሩ።

ማስተካከያው ላይ ብዙ ምክር ትሰማላችሁ። «ጠፍጣፋ ብረት ጣልቃ አስገባ» የሚለው በሂሉክስ የኋላ ባሌስትራ ላይ ይሠራል፤ እዚያ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነው። በ75ቷ ግን ባሌስትራው ከአክስሉ ሥር ነው። ብረቱን መሃላቸው ብታስገቡ መኪናው ይወርዳል! የባሌስትራውን ጫፍ ከሻሲው የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ ማስረዘምም አለ። 2 ሳንቲ ሜትር ብታስረዝሙ ወደ 1 ነው የሚያነሳው። ከፊት ግን የአክስሉን አቀማመጥ ስለሚያጠማዝዝ መሪው ይቀልባችኋል። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነማ አይሞከርም። በመዶሻ አስቀጥቅጦ ማጎበጥ ርካሽ ነው። ለአጭር ጊዜ ይሠራል፣ በሙዝ ጭነት ግን ቶሎ ይተኛል።

እኔ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የፊት ባሌስትራ ጥንድ አስመጣሁ። ጥንድ ነው የምላችሁ፤ አንዱን አዲስ ሌላውን አሮጌ ካደረጋችሁ ሌላ ማጋደል ገዛችሁ ማለት ነው። ዩ-ቦልቶቹንም ከነዳዶአቸው ቀየርኩ። አራቱን ዳዶ በመስቀለኛ ቀስ በቀስ ነው የሚጠበቁት። የመጀመሪያውን ጉዞ ደርሼ ስመለስ እንደገና ኪያቬ አስገባሁባቸው። ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ሄዱ።

አውርደን ስንለካ መኪናዋ ወደ ቀኝ አጋደለች። በ1.5 ሳንቲ ሜትር። ረዳቴ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም። ያቺ ጋራዥ የጨመረልኝ ቅጠል ነበረች። አወጣናት። አሁን 4 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ቀርቷል። እኔ መሪው ላይ ስቀመጥ 1 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ረዳቴን «ምን እናድርገው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ለሱ እንኳ ቅጠል አይጨመርም» አለኝ።

የወጣችውን ቅጠል ቀጥቃጭ ጋ ወስጄ ገጀራ አሠራሁባት። ሙዝ የምንቆርጠው በእሷ ነው።