የሰንሰለት መጋዝ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው፦ በተለይ ጣውላ ለሚጣመምባቸው

ቤንዚን አለው ወይ፣ የሰንሰለቱ ፍሬን ተለቅቋል ወይ፣ የአየር ፊልትሮው ታጥቧል ወይ የሚሉትን እዚህ አልዘረዝርም፤ ይህን ያህሉን ያውቃሉ ብዬ ነው የምጀምረው። የምጽፈው በግቢው ወይም በማሳው ዳር የቆመ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ ወይም የፈረንጅ ጽድ ጥሎ፣ መጋዙን ብየዳ ቤት ባሠራው ፍሬም ላይ አስሮ ጣውላ ለሚሰነጥቅ ሰው ነው።

ሠርቶ ሠርቶ ይጠፋል

የቤንዚን ጋኑን ክዳን ሲያላሉት አየር ሽው ብሎ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ፣ የጋኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ ያጽዱት ወይም ይቀይሩት። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚነሣና በሞቀበት ሰዓት ካንዴላው ብልጭታ የሚያጣ ከሆነ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ነው፤ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ጋዝ ሳይሰጡት ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነ የዝግታ ዙሩን ዝቅ ያድርጉ፤ አሁንም ካልቆመ የፍሪሲዮኑ ስፕሪንግ ተሰብሯል። በዚህ ዓይነት መጋዝ አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ አይቁረጡ።

ጣውላው ጠማማ ይወጣል

ጥገና ቤቴ የሚመጣው መጋዝ አብዛኛው በዚህ ችግር ነው። ባለቤቶቹ ግን እንዲህ ብለው አይመጡም። «ሞተሩ ደክሟል» ይላሉ። ካንዴላ አስቀይረዋል፣ ካርቡሬተር አስቀይረዋል፣ አንዳንዱ ፒስቶንና ፋሻ ሳይቀር አስለውጧል። ሞተሩን አስነሥቼ ስሰማው ምንም አልሆነም። ሰንሰለቱን ስነካው ግን ጥርሱ በጣቴ ላይ ይንሸራተታል።

ምልክቱን ልብ ብለው ይዩት። ፍሬሙ ባሩን፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበትን ረጅም ብረት፣ በሁለቱም ጫፍ የሚይዝ ከሆነ መሐሉ ይጎብጣል፤ ጣውላው ጠርዙ ወፍሮ መሐሉ ይሳሳል፣ ወይም ተገላቢጦሹ ይሆናል። በአንድ በኩል ብቻ የሚይዝ ፍሬም ከሆነ ነጻው ጫፍ ወደ ታች ይሰምጣል ወይም ወደ ላይ ይወጣል። ሰውየው መጋዙ አልሄድ ሲለው ይገፋል፤ በገፋ ቁጥር ባሩ ይሞቃል፣ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ጥመቱም ይብሳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሰንሰለቱ ላይ አንዱ ጥርስ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ይቆርጣል። የአንዱ ጎን ጥርሶች ረዘም ወይም ሳል ካሉ መጋዙ ወደዚያ ጎን ያደላል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው አንዱን ጎን አመቻችቶ ይሞርዳል፤ ሌላው ጎን ሲደርስ ክንዱ ይጣመማል፣ ማዕዘኑም አብሮ ይለወጣል። ከሱሉልታ መጋዙን ይዞ የመጣ አንድ ደንበኛ ባሩን ሁለት ጊዜ አስቀይሮ ነበር። ጥርሶቹን በካሊፐር ስለካቸው በቀኙና በግራው መካከል የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተገኘ። አዲሱ ባር ምንም አላጠፋም፤ አሮጌውም እንዲሁ።

መፍትሔው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሞተሩን ያጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፣ ወፍራም ጓንት ያድርጉ። ባሩን በሞርሳ ይያዙት፤ ሞርሳ ከሌለዎት ጉቶ ላይ ስንጥቅ አውጥተው ያስገቡት። ከሁሉም ያጠረውን ጥርስ በካሊፐር ፈልገው ቀለም ይቀቡት። ከዚያ የቀሩትን በሙሉ እስከ እሱ ርዝመት ድረስ ይሞርዷቸው። አዎ፣ ከረጃጅሞቹ ላይ ብዙ ብረት ይጠፋል። ያንን የማይፈልግ ሰው አዲስ ሰንሰለት ይግዛ እንጂ ግማሹን ሞርዶ ግማሹን አይተው።

የሞረዱ ውፍረት ከሰንሰለቱ ጋር ካልተስማማ ድካሙ ከንቱ ነው። ፒቹ፣ ማለትም የሦስት ተከታታይ የሰንሰለት ሪቬቶች ርቀት ግማሽ፣ 0.325 ኢንች ለሆነ ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለሦስት ስምንተኛ ኢንች እንደ ሰንሰለቱ ሥሪት 5.2 ወይም 5.5፣ ለትናንሾቹ መጋዞች ጥርሱ ዝቅ ላለ ሦስት ስምንተኛ (ሎው ፕሮፋይል) ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ይጠቀሙ። «ይኸው ክብ ነው» ብሎ ያገኘውን ሞረድ የሚያስገባ ሰው ጥርሱን ያበላሻል። የሞረዱ አንድ አምስተኛ ያህል ከጥርሱ ጫፍ በላይ ይታይ። ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይግፉት፤ ሲመልሱ ያንሡት፣ አይጎትቱት። ለተራ ቆረጣ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው፤ ግንድ በርዝመቱ ለሚሰነጥቅ ሰንሰለት ግን ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። በ30 ዲግሪ ሰንሰለት ቀኑን ሙሉ ጣውላ የሚሰነጥቅ ሰው ሻካራ ጣውላ ያወጣል፣ ሞተሩንም ያለ ምክንያት ያደክማል።

ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችው ጉብታ ጥርሱ ምን ያህል እንጨት እንደሚነክስ ትወስናለች። በአብዛኛው ሰንሰለት ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለባት። ጥርሱ ባጠረ ቁጥር እሷንም በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ ለክቶ፣ በመለኪያ ቆርቆሮ። ይህን የሚረሳ ሰው ስለታም ሰንሰለት ይዞ «አይቆርጥም» እያለ ያማርራል። የባሰው ደግሞ መጋዙ «እንዲበላ» ብሎ ጉብታዋን ጨርሶ የሚያነሣት ነው። ይህን አታድርጉ እላለሁ፣ ደግሜም እላለሁ። እንዲህ ያለ መጋዝ እንጨቱን ሲነክስ ይዘላል፤ በባሩ አፍንጫ የላይኛው ክፍል ግንድ ከነካ መልሶ የሚመታው ፊትን ነው። የሰንሰለት ፍሬኑ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ መጋዙን አያስነሡት፤ ባለቤቱ ፍሬኑን «ያስቸግረኛል» ብሎ ያሰረበት መጋዝ አይቼ አውቃለሁ።

ጥርሱ እኩል ሆኖም ከተጣመመ ወደ ባሩ ይመለሱ። ባሩን ፈትተው በጠርዙ መስታወት ላይ ያቁሙት፤ ያለ እጅ ካልቆመ፣ ሰንሰለቱ ከሚገባበት ቦይ ግራና ቀኝ ካሉት ከንፈሮች አንዱ ከሌላው ይበልጥ ተበልቷል። ከንፈሮቹን ጠፍጣፋ ሞረድ በስኳድራ አስደግፈው እኩል ያድርጓቸው። ሰንሰለቱን በጣትዎ ወደ ጎን ሲገፉት የሚተኛ ከሆነ ግን ቦዩ ሰፍቷል፤ ያ ባር ጡረታ ይውጣ። ሰንሰለት በሳሉ ቁጥር ባሩን ይገልብጡት፣ ይህ እንኳ ገንዘብ አያስወጣም።

ከዚያ ፍሬሙ። ብየዳ ቤት በአንድ ከሰዓት የተበየደ ፍሬም ከባሩ ጋር ትይዩ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። ከፍሬሙ የታችኛው ገጽ እስከ ባሩ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጫፍ ይለኩ። የመጀመሪያው ቅድ በግንዱ ላይ በተቸነከረ ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም በማይረግብ መሰላል ላይ ይካሄድ፤ እሱ ከተጣመመ ከሥሩ የሚወጣው ጣውላ ሁሉ ጥመቱን ይወርሳል። የሚቸነከረው ምስማር ጫፉ ባሩ ከሚያልፍበት መስመር በላይ ይቁም። ይህን መናገር አይገባኝም ነበር፤ ግን የገዛ ምስማራቸውን የቆረጡ አሉ።

ስለ ምስማር ካነሣን፣ የግቢ ዛፍ ንጹሕ ነው ብለው አይመኑ። የአጥር ሽቦ የታሰረበት፣ የልብስ ገመድ የተወጠረበት፣ ቆርቆሮ የተመታበት ነው። በግንዱ ጫፍ ላይ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ካዩ ከውስጥ ብረት አለ፤ ብረት ከእንጨቱ ታኒን ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ቀለም ነው። አንድ ምስማር በአንድ ቅጽበት የአንዱን ጎን ጥርሶች በሙሉ ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ጠማማነቱም ከዚያ ይጀምራል።

ሰጋቱራውም ይመስክር፣ ግን ይጠንቀቁ። ግንድ በአግድም ሲቆረጥ ፍቅፋቂ ሳይሆን ዱቄት ከወጣ ሰንሰለቱ ደንዝዟል። በፍሬም ሲሰነጠቅ ግን ጥርሱ የእንጨቱን ጭረት ጫፍ ስለሚቆርጥ በሳለ ሰንሰለትም ሰጋቱራው ደቀቅ ይላል። እዚህ የሚታየው መጋዙ ሳይገፉት መሄዱ ነው።

ያለ ስም፣ ያለ ካርቶን በፌስታል የሚሸጥ ሰንሰለትን በተመለከተ አጭር ቃል፦ ብረቱ ልስልስ ነው፣ ግንዱ ሳያልቅ ይደነዝዛል። በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተቀጠለው ደግሞ ሲበጠስ የሚሄደው ወደ እግርዎ ነው።

ጉልበት ያጣል፣ ይግላል፣ ፒስቶኑ ይጣበቃል

የሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። የቤንዚንና የዘይቱ ድርሻ 50 ለ1 ከሆነ በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ይገባል። በሀይላንድ ክዳን መለካት ይቅር፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ርካሽም ትክክለኛም ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም።

ብዙዎች የማያስቡት ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ መካኒኩ ቤንዚኑን ቀንሶ ያስተካክላል። ያው መጋዝ ከደብረ ብርሃን ወደ መተማ ቢወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን እንደተቀነሰ ይቀራል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ጥሩ እየጮኸ ይሠራል፣ ከዚያ በድንገት ይሞታል፤ ማርሚታው ሲፈታ ፒስቶኑ በጭስ ማውጫው በኩል ተቧጭሮ ይታያል። ቆላ ሲወርዱ ካርቡሬተሩ ላይ ኤች (H) የተጻፈበትን፣ በከፍተኛ ዙር የሚገባውን ቤንዚን የሚወስነውን ብሎን በትንሹ ወደ ግራ ያዙሩ፤ ያለ ሥራ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ድምፁ ጥርት ከማለት ይልቅ ትንሽ ቢንተባተብ ይሻላል።

ባሩ ግንዱ ውስጥ ይያዛል

ባሕር ዛፍ ሲያድግ ውስጡ ውጥረት ይይዛል። ሲሰነጠቅ ጣውላው ይጎብጣል፣ ቅዱም ይዘጋና ባሩን ይቆነጥጣል። ባሩ ካለፈበት ኋላ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሽብልቅ እየመቱ ይሂዱ፤ የብረት ሽብልቅ ሰንሰለት አጠገብ አይቅረብ። ሁሉንም ጣውላ ከአንድ ጎን አያውጡ፤ ግንዱን እየገለበጡ ከሁለቱም ጎን ተራ በተራ ያውጡ። የግንዱን ሁለት ጫፍ እንደተቆረጠ ቀለም ይቀቡ፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። ከተያዘ ደግሞ በጋዝ አያስለቅቁ፤ ሞተሩን አጥፍተው በሽብልቅ ይክፈቱ።

ባሩ ይጨሳል

የዘይቱ ቀዳዳ በሰጋቱራ ተደፍኗል። መጋዙን ከነጭ ካርቶን ፊት ለፊት ሙሉ ጋዝ ይስጡት፤ ቀጭን የዘይት መስመር ካልተረጨ ባሩን ፈትተው ቀዳዳውንና ቦዩን ያጽዱ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አያስገቡ፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑን ይበላል፣ ዘይቱም ስለሚቀጥን በሰንሰለቱ ላይ አይቆይም። ሰንሰለቱ በሥራ ላይ ሲሞቅ ረዝሞ ይላላል፤ በሞቀበት ያጠበቁት እንደሆነ ማታ መልሰው ያላሉት፤ ሲቀዘቅዝ ያጥርና የሞተሩን ኩሽኔታ ይጎትታል።