በፖስታ የመጣ የ3 ዶላር ቼክ፦ ሳይፈርሙ ጀርባውን ያንብቡ

አሜሪካ ውስጥ ሳይጠብቁት በስምዎ የታተመ የጥቂት ዶላር ቼክ በፖስታ ከደረሰዎት፣ መጀመሪያ ይገልብጡት። ፊርማ የሚያርፍበት መስመር አጠገብ፣ በደቃቅና በደብዛዛ ፊደል፣ ቼኩን የመነዘረ ሰው የላኪው ድርጅት አገልግሎት አባል ለመሆን እንደተስማማ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። የነፃ ሙከራው ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ 30 ቀን፣ ሲያልቅ ከካርድዎ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይቆረጣል። «የካርድ ቁጥሬን መቼ ሰጠኋቸው?» ማለት አያድንም፤ ድርጅቱ ደብዳቤውን የላከው የካርድ ቁጥርዎን ከያዘ ባንክ ወይም ሱቅ ጋር ተስማምቶ ሊሆን ይችላል።

«ሜምበርሺፕ» (membership፣ አባልነት)፣ «ትራያል» (trial፣ ሙከራ)፣ «አውቶማቲክ ሪኒዋል» (automatic renewal፣ በራሱ መታደስ) ከሚሉት ቃላት አንዱን እንኳ ካዩ አይፈርሙ። በስልክ ፎቶ አንስቶ ባንክ ማስገባትም ያው መመንዘር ነው። ቀድደው ቢጥሉት ምንም ዕዳ የለብዎትም። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትና አባት ቤት ካሉ፣ ቼክ ያለበትን ፖስታ ሁሉ አስቀድመው ለልጅ እንዲያሳዩ ይንገሯቸው። ለእነሱ ቼክ ማለት ገንዘብ ነው፤ ውል ይሆናል ብለው አይጠረጥሩም።

መንዝረውት ከሆነ ዛሬውኑ ለድርጅቱ ይደውሉና አባልነቱን ይሰርዙ። ሠራተኛው «አንድ ወር በግማሽ ዋጋ ልስጥዎ» ቢል እምቢ ይበሉ፤ የስረዛ ቁጥር፣ ቀኑንና የሠራተኛውን ስም ይጻፉ። ካርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱ ቁጥር በካርድ ድርጅቶቹ በኩል በራሱ ሊደርሳቸው ይችላል።

ቀጥሎ ገንዘቡን ማስመለስ ነው። በክሬዲት ካርድ ከተቆረጠ ካርዱን ለሰጠዎት ባንክ ደብዳቤ ይጻፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ደብዳቤው የሚላከው ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ ሳይሆን ስቴትመንቱ (ባንኩ በየወሩ የሚልከው የሂሳብ መግለጫ) ላይ ለቢል ጥያቄ ወደተሰጠው አድራሻ ነው። ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ መድረስ ስላለበት በሰርቲፋይድ ሜይል (የመላኪያ ማስረጃ ባለው ፖስታ) ይላኩት። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ደብዳቤው እንደደረሰው ማሳወቅ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። እስከዚያ ያንን መጠን ብቻ ሳይከፍሉ መቆየት ይችላሉ። በየጊዜው ከቼኪንግ አካውንት የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ከሚቀጥለው መቁረጫ ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድመው ባንኩን ክፍያውን እንዲያስቆም ይጠይቁ።

«ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ፈርመዋል» ቢሉዎት ተስፋ አይቁረጡ። የ3.50 ዶላር ቼክ ልኮ የመነዘሩትን በስልክ ቢላቸው ላይ ለኢንተርኔት አገልግሎት ያስከፈለ ድርጅት ይህንኑ መከላከያ አቅርቦ ነበር። 225,000 ያህል ሰዎችና አነስተኛ ንግዶች ቼኩን መንዝረው ነበር፤ አገልግሎቱን የተጠቀመው ግን ከመቶ አንድ አይሞላም። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2006 ደቃቁ ጽሑፍ እውነት ቢሆንም የደብዳቤው ጠቅላላ መልክ አሳሳች ነው ብሎ ፈረደ።

ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) እና ለፖስታ ቤት መርማሪዎች ሲያመለክቱ ደብዳቤውን ብቻ ሳይሆን ፖስታውንም ያያይዙ፤ የላኪው አድራሻና የመላኪያ ፈቃድ ቁጥሩ ያለው እሱ ላይ ነው።